የመረጃ ቋት ሰርቨርን ብቃትና ዝግጁነት ስለ መከታተል

መግቢያ

በአንድ ትምህርት ቤት ከሚከናወኑት ሥራዎች መካከል እንደ መዝገብ አያያዝ ድካሙ የበዛ፣ ምስጋናው ግን ያነሰ ሥራ የለም ቢባል ከእውነት መራቅ አይሆንም። የተማሪው ስም፣ ዕድሜና የክፍል ደረጃ፣ የመምህሩ የሥልጠና ደረጃና የአገልግሎት ዘመን፣ የመማሪያ ክፍሎችና የመጻሕፍት ብዛት በየዓመቱ ተቈጥሮ ከትምህርት ቤት ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል፣ ከክልልም ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ይተላለፋል። የሚኒስቴሩ ዓመታዊ የትምህርት ስታቲስቲክስ መድበል የሚዘጋጀው ከዚሁ ነው። መጽሐፍ በስንት ቅጂ ይታተም፣ መምህር ወዴት ይመደብ፣ አዲስ ክፍል የት ይሠራ ለሚሉት ውሳኔዎችም መሠረቱ ይኸው ቈጠራ ነው።

ይህ መዝገብ ቀድሞ በወረቀት ብቻ ይያዝ ነበር፤ በአሁኑ ጊዜ ግን እየተስፋፋ በሄደ መጠን ወደ ኮምፒዩተር በመዛወር ላይ ይገኛል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም በ2016 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ለተወሰኑ ተፈታኞች በኦንላይን ተሰጥቷል፤ የፈተና ውጤትም በኢንተርኔት ይታያል። በመሆኑም ቀድሞ የመዝገብ ቤት ቁልፍ ሲጠፋ ይደርስ የነበረው መጉላላት ዛሬ የመረጃ ቋቱን የያዘው ሰርቨር ሲዘገይ ወይም ሲቋረጥ ይደርሳል። ልዩነቱ፣ ቁልፉ ሲጠፋ የሚቸገረው አንድ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ሰርቨሩ ሲቆም ግን በሱ የሚጠቀሙት ትምህርት ቤቶች ሁሉ በአንድ ሰዓት የሚቸገሩ መሆናቸው ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መምህራንና ዕቅድ አውጪዎች ሰርቨር ጠጋኝ እንዲሆኑ ለማድረግ አይደለም። ስለ ሰርቨሩ ደኅንነት ለባለሙያው ተገቢውን ጥያቄ ለማቅረብና የሚሰጣቸውን መልስ ለመመዘን እንዲችሉ ለመርዳት ነው። ከዚህ በታች በተለያየ መልክ የሚብራራው ዋና አሳብ ሁለት ገጽታ አለው። አንደኛ፣ ሰርቨር መመዘን ያለበት መሣሪያው ከተቀመጠበት ክፍል ብቻ ሳይሆን ከሩቁ ተጠቃሚ ዘንድ ነው። ሁለተኛ፣ መመዘን ያለበት ችግር በደረሰበት ቀን ሳይሆን ገና በደኅናው ቀን ነው።

1. የተዛማጅ መረጃ ቋት ምንነት

ተዛማጅ የመረጃ ቋት የሚባለው መረጃን በሠንጠረዦች የሚያስቀምጥና ሠንጠረዦቹን በጋራ መለያ የሚያገናኝ ሥርዓት ነው። አሳቡን በ1970 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ያቀረበው የአይቢኤም ኩባንያ ተመራማሪ የነበረው ኤድጋር ኮድ ነው። በአንዱ ሠንጠረዥ ተማሪዎች፣ በሌላው ትምህርት ቤቶች፣ በሦስተኛው ውጤቶች ይመዘገባሉ። የተማሪው ረድፍ የትምህርት ቤቱን ሙሉ ስምና አድራሻ ደጋግሞ አይጽፍም፤ የትምህርት ቤቱን መለያ ቁጥር ብቻ ይይዛል። ስለዚህ የትምህርት ቤቱ ስም ቢለወጥ እርማቱ በአንድ ቦታ ተደርጎ በሁሉም ዘንድ ይታያል።

ሰርቨር የሚባለው ደግሞ ይህን ቋት ይዞ ከብዙ አቅጣጫ የሚመጡትን ጥያቄዎች የሚቀበል፣ የሚያስተናግድና የሚመልስ ኮምፒዩተር ነው። አንድ ርእሰ መምህር «የ8ኛ ክፍል ሴት ተማሪዎች ስንት ናቸው?» ብሎ በማያ ገጹ ላይ ሲጠይቅ፣ ጥያቄው በመስመር ተጕዞ ሰርቨሩ ዘንድ ይደርሳል፤ ሰርቨሩም ሠንጠረዦቹን አገናኝቶ ቈጥሮ ይመልሳል።

2. የክትትል ትርጕምና የጓሳ ምሳሌነት

ክትትል የሚለው አሳብ ከኮምፒዩተር ጋር የመጣ ቢመስልም ለኢትዮጵያ ገጠር እንግዳ አይደለም። በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኘው የጓሳ ምድር ለዚህ ጥሩ አስረጂ ነው። የአካባቢው ሕዝብ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሣ የሚያገለግለውን የጓሳ ሣር ሲጠብቅ የኖረው ቄሮ በሚባል ሥርዓት ነበር፤ ሥርዓቱም ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የነበረ መሆኑ ይነገራል። ምድሩ እስከ 3 ወይም እስከ 5 ዓመት ድረስ ከአጨዳና ከግጦሽ ተከልክሎ ይቆያል። አባ ቄራ የሚባለው ኀላፊ በተጠቃሚው ሕዝብ ተመርጦ ጥበቃውን ይመራል። የሚከፈትበትም ጊዜ የሚወሰነው የሣሩ መድረስና የሕዝቡ ፍላጎት ታይቶ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ሥርዓቱን በነበረበት መልክ እንዳይቀጥል ቢያደርገውም፣ ሕዝቡ ጥበቃውን በሌላ አደረጃጀት በመቀጠሉ አካባቢው በ2012 እ.ኤ.አ. የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ሕጋዊ እውቅና አግኝቷል።

ከዚህ ሥርዓት ለሰርቨር ክትትል የሚሆኑ ሦስት ቁም ነገሮች ይገኛሉ። የሚጠበቀው ነገር የብዙዎች የጋራ ሀብት ነው፤ የአንዱ ከልክ ያለፈ አጠቃቀም ሌላውን ይጎዳል። ጠባቂው በስም የታወቀ ነው፤ «ሁሉም ይጠብቀው» ተብሎ ለማንም አልተተወም። ውሳኔውም በግምት ሳይሆን በምድሩ ላይ ከታየው የተነሣ ነው።

አራተኛውን ቁም ነገር እዚያው ጓሳ የሚካሄደው የሳይንስ ጥናት ያስተምራል። ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተመራማሪዎች የጭላዳዎችን ውሎ ሲከታተሉና ሲመዘግቡ ቆይተዋል። በ2009 እ.ኤ.አ. የበረሃ አንበጣ አካባቢውን በወረረ ጊዜ፣ በአብዛኛው ሣር በመብላት የሚታወቁት ጭላዳዎች አንበጣ ሲለቅሙ ታዩ። የዚያን ዕለት ሁኔታ ከወትሮው የተለየ መሆኑን በእርግጠኝነት ለመናገር የተቻለው የወትሮው ቀን አስቀድሞ ተመዝግቦ ስለ ነበር ነው። ለሰርቨርም ነገሩ እንዲሁ ነው። የሰኞ ጧት መደበኛ ጫና፣ የወር መጨረሻ መደበኛ ጫና፣ የምዝገባ ሳምንት መደበኛ ጫና በቅድሚያ ካልታወቀ፣ ባለሙያው የሚያየው ቁጥር ደኅና ይሁን ሕመም መለየት አይችልም። ይህ የደኅናው ቀን ልክ መነሻ ልክ ይባላል።

3. ዝግጁነት እንዴት ይለካል?

ዝግጁነት ማለት ሰርቨሩ በተፈለገበት ጊዜ መልስ ሰጥቶ የተገኘበት ጊዜ ከጠቅላላው ጊዜ ጋር ሲነጻጸር ነው። ብዙውን ጊዜ በመቶኛ ስለሚገለጽ ለጆሮ ያማረ ይመስላል። አንድ ዓመት 8,760 ሰዓት ነው። 99 በመቶ ዝግጁ የሆነ ሰርቨር በዓመት 87 ሰዓት ተኩል ያህል፣ ማለትም ከ3 ቀን ተኩል በላይ ተቋርጧል ማለት ነው። 99.9 በመቶ ሲሆን የሚቋረጠው 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል ነው። 99.99 በመቶ ሲሆን ደግሞ 53 ደቂቃ ያህል ብቻ ይሆናል። በፈተና ውጤት 99 ያገኘ ተማሪ ሊመሰገን ይገባዋል፤ ስለ ሰርቨር ሲነገር ግን 99 ምን እንደሚያስከትል በሰዓት ተለውጦ መታየት አለበት።

ከዚህም በላይ የተቋረጠበት ጊዜ መቼ እንደ ነበረ መጠየቅ ያስፈልጋል። ስምንት ሰዓት በዓመቱ ሌሊቶች ተበታትኖ ቢጠፋ የሚያስተውለው ጥቂት ነው። ያው ስምንት ሰዓት የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ላይ ቢወድቅ ግን ተማሪ ሳይመዘገብ ይቀራል። ስለዚህ ለዕቅድ አውጪ የሚቀርበው ሪፖርት የዓመቱን መቶኛ ብቻ ሳይሆን በወሳኝ ቀናት የነበረውን ሁኔታ ለይቶ ማሳየት ይኖርበታል።

ሌላው ዋና ጥያቄ መለኪያው የት ተቀመጠ የሚለው ነው። በጓሳ አቅራቢያ የሚገኝ የአንድ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር አዲስ አበባ ባለው ሰርቨር ላይ የተማሪዎችን ቁጥር ይመዘግባል እንበል። ሥራው እንዲሳካ አምስት ነገሮች በአንድ ጊዜ ደኅና መሆን አለባቸው፤ እነዚህም በትምህርት ቤቱ ያለው መብራት፣ ኮምፒዩተሩ፣ የመገናኛ መስመሩ፣ መረጃ መሙያው ፕሮግራምና የመረጃ ቋቱ ሰርቨር ናቸው። እያንዳንዳቸው ሳይደጋገፉ 99 በመቶ ዝግጁ ናቸው ቢባል እንኳ፣ አምስቱ በአንድነት የሚገኙት በ95 በመቶው ጊዜ ብቻ ነው። ይህም በዓመት ወደ 18 ቀን የሚጠጋ መቋረጥ ይሆናል። የሰርቨሩ ክፍል ሠራተኛ «የኔ ሰርቨር 99 በመቶ ነው» ቢል አልዋሸም፤ ርእሰ መምህሩም «በዓመቱ ውስጥ ከሁለት ሳምንት በላይ አልሠራም» ቢል አልዋሸም። ሁለቱ የለኩት ከተለያየ ቦታ ነው።

በመሆኑም ከሰርቨሩ ክፍል ውጭ፣ ተጠቃሚው ካለበት አካባቢ፣ ለምሳሌ የመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ መቀመጫ ከሆነችው ከመሐል ሜዳ፣ በየደቂቃው አንዲት ቀላል ጥያቄ እየላከ መልስ መገኘቱንና የወሰደውን ጊዜ የሚመዘግብ መሣሪያ ቢኖር ይበጃል። የጥያቄው መደጋገምም ልክ አለው። በየ10 ደቂቃው የሚጠይቅ መሣሪያ ለ4 ደቂቃ የቆየን መቋረጥ ጨርሶ ሳያይ ሊያልፍ ይችላል።

4. ብቃት እንዴት ይለካል?

ሰርቨር ሳይቋረጥም ሊያስቸግር ይችላል፤ መልሱ ከዘገየ ለተጠቃሚው እንደ ተቋረጠ ይቈጠራል። ስለ ብቃት ሲነሣ በቅድሚያ የሚታየው የምላሽ ጊዜ ነው።

በዚህ ረገድ አማካይ ቁጥር አታላይ መሆኑን ከመምህር የበለጠ የሚረዳ የለም። መቶ ጥያቄዎች ቀርበው 95ቱ እያንዳንዳቸው በአንድ ሰከንድ ዐሥረኛ፣ 5ቱ ግን እያንዳንዳቸው በ20 ሰከንድ ተመለሱ እንበል። አማካዩ ወደ 1.1 ሰከንድ ይሆናል። ይሁን እንጂ 1.1 ሰከንድ የጠበቀ አንድም ሰው የለም። አብዛኛው ወዲያው ተስተናግዷል፤ ጥቂቱ ደግሞ ተሰላችቶ ትቶታል። የክፍል አማካይ ውጤት 60 ሆኖ ሳለ የወደቁት ተማሪዎች በውስጡ ተሸሽገው እንደሚቀሩ ማለት ነው። ስለሆነም ባለሙያው ከአማካዩ ጋር «ከመቶው 95ቱ፣ ከመቶው 99ኙ በስንት ሰከንድ ተስተናገዱ?» የሚለውን መልስ ማቅረብ አለበት።

መዘግየቱ ሲታወቅ መንስኤው ይፈለጋል። ዘወትር የሚያጋጥሙት መንስኤዎች የሚከተሉት ናቸው።

ሀ) የማውጫ አለመኖር። አንድ ሚሊዮን ስም ያለበት መዝገብ በቅደም ተከተል ካልተደረደረ አንዱን ስም ለማግኘት ሁሉንም ማንበብ ሊያስፈልግ ነው። ከተደረደረ ግን በግማሽ በግማሽ እየከፈሉ በ20 ርምጃ ያህል ይደረስበታል። የመረጃ ቋት ማውጫም የሚሠራው ይህን የመሰለ ሥራ ነው፤ እንዲያውም ከዚህ ባነሰ ርምጃ ያደርሳል። ትምህርት ቤቱ ትንሽ በነበረበት ጊዜ ያልታወቀ የማውጫ ጉድለት መረጃው ሲበዛ ይገለጣል። የዘገዩ ጥያቄዎችን ለይቶ የሚመዘግበውን የሰርቨሩን መዝገብ በየሳምንቱ መመርመር ጉድለቱን አስቀድሞ ያሳያል።

ለ) የግንኙነት መሙላት። ፖስትግሬስ የተባለው የታወቀ የመረጃ ቋት ሶፍትዌር ሌላ መመሪያ ካልተሰጠው በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው 100 ግንኙነት ነው። በየሰከንዱ 50 ጥያቄ ቢመጣና እያንዳንዱ በአንድ ሰከንድ ዐሥረኛ ቢያልቅ በአንድ ጊዜ የሚያዘው 5 ግንኙነት ብቻ ነው። የእያንዳንዱ ጥያቄ ጊዜ ወደ 4 ሰከንድ ቢረዝም ግን በአንድ ጊዜ 200 ግንኙነት ያስፈልጋል፤ ተጠቃሚው አንድም ሳይጨምር ቤቱ ሞልቶ በሩ ይዘጋል። ብዙ መቋረጦች የሚጀምሩት እንዲህ ካለው መዘግየት ነው። ለዚህም ጥያቄዎችን በወረፋ የሚያስገባ፣ እንደ ታክሲ ተራ አስከባሪ ያለ ፕሮግራም ከሰርቨሩ ፊት ይቆማል።

ሐ) መቈላለፍ። ሁለት ሠራተኞች አንዱን የተማሪ ረድፍ በአንድ ጊዜ ለማረም ቢነሡ ሰርቨሩ አንዱን አስቀድሞ ሌላውን ያስጠብቃል። ይህ ለመረጃው እውነተኛነት ተገቢ ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ሥራውን ጀምሮ ሳይጨርስ ከቆየ ከኋላው ያለው ሰልፍ እየረዘመ ይሄዳል። ስለዚህ ረጅም ጊዜ የቆዩ ያላለቁ ሥራዎች ብዛት በክትትሉ ውስጥ መታየት አለበት።

መ) የማስቀመጫ ቦታ ማለቅ። 500 ጊጋባይት ከሚይዝ ዲስክ 400ው ቢሞላና በቀን 2 ጊጋባይት ቢጨምር የሚቀረው ጊዜ 50 ቀን ነው። ይህ የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ሆኖ ሳለ ሰርቨሮች በዚህ ምክንያት ሲቆሙ ይታያል፤ የሚጎድለው ስሌቱ ሳይሆን የሚያሰላው ሰው ነው።

ሠ) የመስመር ርቀትና ምልልስ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን ለማገናኘት የተዘረጋው ወረዳ ኔት በሳተላይት ይጠቀም ነበር። ለዚህ ዓይነት መስመር የሚያገለግለው ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚቆም፣ ጥያቄ ሄዶ መልስ እስኪመለስ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይወስዳል። አንድ ቅጽ ተሞልቶ እስኪያልቅ 40 ምልልስ የሚጠይቅ ከሆነ ተጠቃሚው 20 ሰከንድ ይጠብቃል፤ የሰርቨሩ መለኪያ ግን ሥራው በቅጽበት መጠናቀቁን ይናገራል። በሽቦና በመስታወት ክር መስመር ጊዜው እጅግ ያጥራል፤ ቢሆንም መስመሩ ደካማ በሆነበት ሥፍራ ሁሉ ምልልስ የሚያበዛ ቅጽ ይጎዳል። መፍትሔው ሰርቨሩን ማሳደግ ሳይሆን ቅጹን ማሻሻል ነው።

5. መልሱ ትክክል ነውን?

ሰርቨሩ ዝግጁ ሆኖ፣ ፈጥኖም መልሶ፣ መልሱ ግን የተሳሳተ ሊሆን ይችላል። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰው ሁኔታ ለዚህ ይጠቀሳል። ለተወሰኑ ሰዓታት ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር፤ ባንኩም ጉዳዩ ከሥርዓቱ ማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ እንጂ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን ገልጿል። ብዙ ተማሪዎች የተሳተፉበት በመሆኑ ዩኒቨርሲቲዎች ጭምር ገንዘቡ እንዲመለስ ማሳሰቢያ አውጥተው ነበር። ማሽኖቹ መልስ እየሰጡ ስለ ነበር «ሰርቨሩ ይሠራል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ችግሩን ሊያሳይ አይችልም ነበር።

ለትምህርት መረጃም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የወንዶችና የሴቶች ድምር ከጠቅላላው ጋር ይስማማልን? የትምህርት ቤቶቹ ድምር ከወረዳው ቁጥር ጋር ይገጥማልን? ባለፈው ዓመት 300 ተማሪ የነበረው ትምህርት ቤት ዘንድሮ 3,000 ሲሆን የሚጠይቅ አለን? እንደነዚህ ያሉ ጥያቄዎች በየሌሊቱ በሰርቨሩ ላይ በራሳቸው እንዲሠሩ ማድረግ ይቻላል።

ከዚሁ ጋር የመጠባበቂያ ቅጂ ጉዳይ ይነሣል። ቅጂ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ቅጂው ወደ ሥራ ሊመለስ መቻሉ በየጊዜው መፈተን አለበት። ተመልሶ ያልታየ ቅጂ ተስፋ እንጂ ዋስትና አይደለም። ሁለተኛ ሰርቨር እየገለበጠ የሚከተል ከሆነም ከዋናው ስንት ደቂቃ ወደ ኋላ እንደ ቀረ መታየት ይኖርበታል። ግልባጩ አንድ ሰዓት ከዘገየና ዋናው በድንገት ከጠፋ፣ የጠፋው የአንድ ሰዓት ምዝገባ ነው።

6. ማስጠንቀቂያና ኀላፊነት

የክትትል ፍሬው ለሰው መድረሱና ሰውየው ርምጃ መውሰዱ ነው። ለጥቃቅኑ ሁሉ የሚጮኽ ማስጠንቀቂያ ከጥቂት ቀን በኋላ የሚሰማው አያገኝም፤ ቀበሮ መጣ እያለ በከንቱ እንደሚጮኽ እረኛ ይሆናል። ስለዚህ ሌሊት ሰው የሚቀሰቅሰው ማስጠንቀቂያ ተጠቃሚውን አሁን የሚጎዳ ወይም በጥቂት ሰዓት ውስጥ የሚጎዳ ነገር ብቻ መሆን አለበት። የቀረው ለጧት ሪፖርት ይተላለፋል። ለእያንዳንዱ ማስጠንቀቂያ ሦስት ነገሮች በጽሑፍ ሊቀመጡለት ይገባል፤ እነዚህም ትርጕሙ፣ የመጀመሪያው ርምጃና የኀላፊው ማንነት ናቸው። ኀላፊው በማይኖርበት ጊዜ የሚተካውም አብሮ ይጻፋል።

7. ለትምህርት ቤቶችና ለዕቅድ አውጪዎች የቀረበ አሳብ

በትምህርት ቤት በኩል ዋናው ድርሻ መመዝገብ ነው። መረጃ የሚያስገባው መምህር ወይም ጸሐፊ በአንድ ደብተር ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ምን ሊሠራ እንደ ነበረ፣ ምን እንደ ታየ፣ መብራትና መስመር እንደ ነበሩ ወይም እንዳልነበሩ በአንድ መስመር ቢጽፍ ይበቃል። «ሲስተም የለም» የሚለው የተለመደ ቃል ለባለሙያው ምንም አይነግረውም። «ማክሰኞ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ የ7ኛ ክፍል ቅጽ፣ 3 ደቂቃ ጠብቆ ተቋረጠ፣ መብራትና መስመር ነበሩ» የሚለው ግን ከሰርቨሩ መዝገብ ጋር ተመሳክሮ መንስኤውን ሊያስገኝ ይችላል። የወረዳው ጽሕፈት ቤት እነዚህን ደብተሮች በየወሩ ቢሰበስብ ያለ ተጨማሪ ወጪ ከሩቁ ተጠቃሚ ዘንድ የሚደረግ መለኪያ ይኖረዋል።

በዕቅድ አውጪዎች በኩል ደግሞ የሚከተሉት ቢታሰቡ ይጠቅማሉ። ሰርቨር ሲገዛ ወይም አገልግሎት በውል ሲወሰድ የዝግጁነቱ መጠን ብቻ ሳይሆን የሚለካበት ቦታም በውሉ ይጻፍ። ለክትትሉ ሥራ በስም የታወቀ ሠራተኛና በጀት ይመደብ። ከምዝገባና ከውጤት መግለጫ በፊት የሚጠበቀውን ጫና የሚያህል ሙከራ ይደረግ። የምዝገባ የመጨረሻ ቀን ሲወሰን ባለፈው ዓመት በወሳኝ ቀናት የደረሰው መቋረጥ ይታሰብ፤ ሰርቨሩ ወይም መስመሩ መቋረጡ በመዝገብ የተረጋገጠለት ትምህርት ቤትም በዚያው ልክ ተጨማሪ ጊዜ ይሰጠው። ቅጾች የሚዘጋጁት በዋና ከተማው ፈጣን መስመር ላይ ሲሆን፣ ሥራ ላይ ከመዋላቸው በፊት መስመሩ ደካማ በሆነበት ወረዳ ይሞከሩ።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተብራራው የመረጃ ቋት ሰርቨር ክትትል የሚያካትታቸው ጥያቄዎች ሦስት ናቸው፤ መልስ ይሰጣልን፣ በጊዜው ይሰጣልን፣ ትክክለኛውን ይሰጣል ወይ የሚሉት። ሦስቱም በደኅናው ቀን ተለክተው ልካቸው ካልታወቀ በክፉው ቀን ሊመለሱ አይችሉም። ሦስቱም ከሰርቨሩ ክፍል ብቻ ቢለኩ የሩቁን ትምህርት ቤት ሁኔታ ይሰውራሉ። በቈጠራው ያልገባ ትምህርት ቤት መጽሐፍ ሲታደል፣ መምህር ሲመደብም ከሒሳቡ ውጭ ይሆናል። መስመር በመቋረጡ ሳይመዘገብ የቀረ የጓሳ አካባቢ ተማሪ በመድበሉ ላይ እንደሌለ ይቈጠራል፤ እሱ ግን በክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ መጽሐፉን ይጠብቃል። የክትትል ሥራ የሚመዘነውም ይህ ተማሪ በቈጠራው ውስጥ በመግባቱ ነው።